የጋሽ ሰረቀብርሃን ጥቁር ሽቦ

ሰው ሰውን ከማክበር ብዛት ሊገድለው ይደርሳል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። የፋናን ነገር ከሰማሁ ወዲህ ግን አምናለሁ፤ እናንተም እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

ፋና የጉለሌ ልጅ ናት። በሱዳን አድርጋ ሚኒሶታ የገባችው በፈረንጆቹ 1990 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ኤደን ፕሬሪ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ኖረች። አንድ ቀን መጋዘኑ መብራት ጠፋበትና ሊጠግን የመጣው ሰው ሴት ሆና ተገኘች። ቀበቶዋ ላይ ፒንሳና ካቻቢቴ የደረደረች፣ በዕድሜ ከፋና እምብዛም የማትበልጥ ሴት ናት። ፋና የያዘችውን ካርቶን አስቀምጣ ቆማ አየቻት፤ በሳምንቱ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። ያገሯ ሰው ሳቀባት። «ሴት ልጅ ከኮረንቲ ጋር ምን አጋፋት?» ያላለ የለም። ያልሳቀው ባሏ እሸቴ ብቻ ነው። እሸቴ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ሲበዛ ጨዋ ነው፤ ጎረቤት ቅር እንዳይለው ብሎ ከራሱ ደጅ በፊት የጎረቤቱን በረዶ የሚጠርግ ዓይነት ሰው። አራት ዓመት ደግፏት፣ በ1997 መከር ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላይሰንሷን እጇ አስገባች። ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ኪችኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ጋሽ ሰረቀብርሃን ልምጣ። ጋሽ ሰረቀብርሃን ሃያ አራት ዓመት መብራት ኃይል የሠሩ ሰው ናቸው። ወሎን ከዳር እስከ ዳር መስመር የዘረጉ፣ ስንቱን ጎረምሳ አስተምረው ባለሙያ ያደረጉ። ሚኒሶታ ላይ ግን ማን ያውቃቸዋል? ልጃቸው ማሚት አምጥታቸው ዉድበሪ እሷ ቤት ተቀመጡ፤ ማሚት ሆስፒታል ሥራዋ ላይ ስትውል እሳቸው ቴሌቪዥን ሲያዩ ይውላሉ። ፋና ያወቀቻቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ለፈተና ስታጠና ያልገባትን የኮረንቲ ባሕርይ ቁጭ አድርገው ያስረዷት እሳቸው ናቸው፤ ስለ ቮልት፣ ስለ አምፔር፣ ሰው እንዴት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚተርፍ። ስለ ሽቦ ቀለም ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ስለ ቀለም ማን ያወራል?

እናም ፋና ላይሰንሷን እንዳገኘች መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አለቃዋን ሄግን መለመን ነበር። ሄግ የትንሽ ኮንትራክተር ድርጅት ባለቤት ነው፤ ቀይ ፂም ያለው፣ ንግግሩ ቁርጥ ያለ ሰው። ጋሽ ሰረቀብርሃንን በረዳትነት ሊቀጥራቸው እሺ አለ። ሰውዬው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፈገግ ብለው አጠገባቸው ቆመው ሳለ ለፋና እንዲህ አላት፦

«ይግባ፣ ግድ የለም። ግን ላይሰንስ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ አለቃው አንቺ ነሽ። እሱ የነካውን ሽቦ ሁሉ ሳትፈትሺ ክዳን እንዳይገጠም። አንድ ነገር ቢሳሳት ላይሰንሱ የሚነጠቀው ካንቺ ነው። በይ ንገሪው።»

ፋና ወደ ሽማግሌው ዞረች። አባቷ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ከንፈሯን አረጠበችና «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ተጋግዛችሁ ሥሩ ነው የሚለው» አለቻቸው።

«እግዜር ይስጠው በይልኝ» አሉ።

ከሄግ ንግግር የተረጎመችው ይኼንን ብቻ ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚያበግነኝም ይኼው ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር በትክክል ብትተረጉም ምን ነበረበት? ግን እናንተስ ብትሆኑ፣ እውነቱን ተናገሩ፣ ለስልሳ ዓመት ሽማግሌ «ከዛሬ ጀምሮ አለቃዎ እኔ ነኝ» ትሉ ነበር?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ጋሽ ሰረቀብርሃን ቱቦ ሲቀብሩና ሽቦ ሲጎትቱ ከረሙ። ማገናኘት የፋና ሥራ ነበር። ከዚያ በ1998 ጥር መጨረሻ ላይ የከተማው ማዘጋጃ ቤት በባትሪ ለሚሄዱ መኪናዎች ቻርጅ ማድረጊያ ይተከል አለ። ያኔ እንዲህ ያለ መኪና ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ለሙከራ ተብሎ አራት የብረት ምሰሶዎች ታዘዙ፤ ሁለቱ መሀል ሴንት ፖል ባለው የከተማው ራምፕ፣ ማለትም ፎቅ ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ሁለቱ ደግሞ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ። ሥራው ለሄግ ደረሰው፤ ሄግ ደግሞ ለፋናና ለጋሽ ሰረቀብርሃን ሰጠ።

ራምፑ በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ከማሉዲን የሚባል የወሎ ልጅ ነው። የአገሬ ሰው ናቸው ብሎ ጋሽ ሰረቀብርሃንን ሲያይ አይለቃቸውም።

«ጋሽ ሰረቀ፣ መኪናው መብራት ጠጥቶ ነው የሚሄደው?»

«አዎ።»

«ቆጣሪው በማን ስም ነው?»

«በማዘጋጃ ቤቱ።»

«እንግዲያስ ከነገ ጀምሮ እኔም ቶዮታዬን በገመድ እየጎተትኩ አመጣታለሁ። ቤንዚን ምን በወጣኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ደስ ብሏቸዋል። ሄግ በሌሎች ሥራዎች ተወጥሮ ስለነበር፣ ፋና «ጋሼ፣ እኔ ላይኛው ፎቅ ብሬከሩ ዘንድ ልሥራ፣ የምሰሶውን ውስጥ እርስዎ ያገናኙት» ብላቸው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እንደ ባለሙያ ሳይቆጠሩ ኖረው፣ ያን ቀን ካቻቢቴ ሲጨብጡ ሰውዬው ወጣት መሰሉ። እንጉርጉሮ ሁሉ ጀመሩ አሉ።

ሰኞ ዕለት የመጀመሪያውን ምሰሶ ጨረሱ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ማሚት መጥታ በመኪና ወሰደቻቸው። ፋና እስኪሄዱ ጠበቀች። ሥራቸውን መፈተሽ ግዴታዋ ነው፤ ግን እያዩ? ያስተማሯትን ሰው ሥራ እፊታቸው ፈታ ልታይ? ምን ያለችው ባለጌ ናት ሊሏት? ስለዚህ የመኪናቸው የኋላ መብራት ከታጠፈ በኋላ ነው ክዳኑን የፈታችው።

ከፍታ ስታይ ክው አለች።

ለማያውቅ ላስረዳ። በዚህ አገር ገዳዩ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚመጣበት ሽቦ፣ ጥቁሩ ነው። ነጩ መላሽ ነው። አረንጓዴው ከብረቱ ሣጥን ጋር ይታሰርና መሬት ይወርዳል፤ ሰው የሚያተርፈው እሱ ነው። ጋሽ ሰረቀብርሃን መብራት ኃይል በሠሩበት ዘመን ግን መላሹ ጥቁሩ ነበር፤ አረንጓዴው ደግሞ ከገዳዮቹ አንዱ። እዚያ ሲሠሩ መላሹን ከብረቱ ሣጥን ጋር ማሰር ደንባቸው ነው፤ ሰው እንዳይያዝ። እናም ሽማግሌው እጃቸው እንዳስለመዳቸው ጥቁሩን በሚያምር አሠራር ከብረቱ ጋር አስረውታል፤ አረንጓዴውን «ይሄ ገዳይ ከሣጥን ጋር ምን ይሠራል» ብለው ቆርጠው፣ ጫፉን በቴፕ ጠቅልለው ወደ ጥግ አስተኝተውታል። ብሬከሩ፣ ማለትም ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቢበራ ኖሮ ያ ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ኮረንቲ ነው። በጨው ውሃ የራሰ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የተደገፈው ሰው አለቀለት።

ፋና እዚያው ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ጋሽ ሰረቀብርሃን! ሃያ አራት ዓመት የሠሩ ሰው! ትንሽ ቆይታ ተነሣችና ፈታ እንደገና ሠራችው። ጥቁሩን በቦታው፣ ነጩን በቦታው፣ አረንጓዴውን ከብረቱ ጋር። ብሬከሩን አብርታ በቴስተር፣ ኮረንቲ ሲያገኝ በሚጮኸው መሣሪያ፣ ለካች፤ ትክክል ነው። አጠፋችና የብሬከሩን ሣጥን ቆለፈች፤ ፈትሻለሁ ብላም ፈረመች። የፈረመችው እውነት ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ማታ ለእሸቴ ነገረችው። ሹሮ እየበላ ነበር።

«ልንገራቸው ይሆን?» አለችው።

«ምን ብለሽ?»

«እሱ ነው የጨነቀኝ። ቀለሙን አያውቁትም ልበል? መብራት ኃይልን ያቀኑ ሰው እኮ ናቸው። ሄግ ከሰማ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው የሚያባርራቸው። ተመልሰው ማሚት ቤት ሶፋ ላይ ሊቀመጡ ነው።»

እሸቴ ጉርሻውን ዋጠና አሰበ። «ዝም አይነቅዝም። አንቺ አስተካክለሽ ዝም በይ» አላት።

ዝም አይነቅዝም! እኔ ይህን ተረት የተረተውን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ነገር አለኝ። ለማንኛውም ፋና የባሏን ምክር ሰማች። ማክሰኞ የራምፑን ሁለተኛ ምሰሶ፣ ረቡዕና ሐሙስ የቤተ መጻሕፍቱን ሁለቱን፣ ጋሽ ሰረቀብርሃን ቀን ሲያስሩ እሷ ዘጠኝ ተኩል ካለፈ በኋላ ስትፈታና ስታስር፣ ስትለካና ስትፈርም ሰነበተች። ጠዋት ሲገናኙ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ሥራዎ እኮ ያምራል» ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ከማሚት የሥራ ሰዓት ጋር ስለሚመጡ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ቀድመዋት ደርሰው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ይጠብቋታል። ሐሙስ ማታ አራቱም ተጠናቀው ስለነበር ደህና እንቅልፍ ተኛች።

አርብ የፍተሻው ቀን ነው። ጋሽ ሰረቀብርሃን እንደ ልማዳቸው በጠዋት ወጥተው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በእግራቸው ወደ ራምፑ መጥተዋል። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች አንዲት ነጭ የባትሪ መኪና አምጥተው ቆመዋል፤ ከማሉዲን ከጎጆው ወጥቶ አንገቱን አስግጓል። ሄግ ከረባት አስሯል፤ ፋና ከረባት ሲያስር አይታው አታውቅም። ኢንስፔክተሩ ጠና ያለ፣ ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው ነው። ሄግ ብሬከሩን አበራ።

ኢንስፔክተሩ ወደ ምሰሶው ተጠጋ። እንደ ሌላው ሰው ቢሆን እጁን ያሳርፍበት ነበር፤ ሥራውን አክባሪ ሆኖ በመጀመሪያ ቴስተሩን ወደ ብረቱ አስጠጋ። ቴስተሩ ጮኸ። ደግሞ ሞከረ፤ ጮኸ። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና እጆቹን ዘርግቶ «ማንም እንዳይጠጋ፣ አጥፉት» አለ።

ሄግ ብሬከሩን አጠፋ። ክዳኑ ተፈታ። ፋና አንገቷን አስግጋ አየች፤ ያየችውንም አላመነችም። ጥቁሩ ከብረቱ ጋር ታስሯል። አረንጓዴው ተቆርጧል፣ ጫፉ በቴፕ ተጠቅልሏል። በገዛ እጇ ሰኞ ያሰረችው፣ የለካችው፣ የፈረመችበት ምሰሶ ነው። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ ያው ነው። ሄግ ፊቱ ከፂሙ ብሶ ቀልቶ እያያት ነው። ማን ነው? ምቀኛ ነው? ሰይጣን ነው?

ይኼኔ ጋሽ ሰረቀብርሃን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚያጽናና አባት፦

«አይዞሽ ልጄ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ስሕተትሽን ጠዋት ጠዋት እኔው አስተካክዬልሻለሁ። አራቱንም።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። ፋና ዞራ አየቻቸው። ሰውዬው ፈገግ ብለዋል። የቴስተሩን ጩኸት የሰሙት አልመሰሉም፤ ወይም የፈረንጅ ዕቃ ተበላሽቶ ነው ብለዋል።

«አራቱንም?» አለች።

«አራቱንም። የቤተ መጻሕፍቱን የመጨረሻውን ዛሬ ማለዳ ጨረስኩ።»

«ሄግ» አለች ፋና ወደ አለቃዋ ዞራ፣ «የቤተ መጻሕፍቱ ብሬከር ጠፍቷል አይደል?»

«አሁን ስመጣ አብርቼዋለሁ» አለ ሄግ። «ለማሳያው ዝግጁ ይሁን ብዬ።»

ቤተ መጻሕፍቱ በሩን የሚከፍተው በእነሱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። አርብ ጠዋት እናቶች ሕፃናት ይዘው በሩ እስኪከፈት ደጃፉ ላይ ይሰለፋሉ፤ ምሰሶዎቹ ደግሞ ከሰልፉ አጠገብ ናቸው። ከከማሉዲን ጎጆ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ተደወለ፤ የሚያነሣ የለም። ፋና የብሬከሩን ሣጥን ቁልፍ ከሄግ እጅ ነጥቃ ወደ ቫኑ ሮጠች። ጋሽ ሰረቀብርሃን ለምን እንደሚሮጥ ሳይገባቸው ተከትለዋት ገቡ።

መንገዱ በረዶ ነው፤ ቫኑ ይንሸራተታል።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ምኑን?»

«የፈታሁትን መልሰው ሲፈቱ! አንድ ቀን እንኳ ፋና ይሄ ምንድን ነው አይሉኝም?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?» አሉ ሽማግሌው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «ሰኞ ያሰርኩትን ማክሰኞ ጠዋት ልየው ብዬ ብከፍት ተገለባብጦ አገኘሁት። ገዳዩን ሽቦ ከሣጥኑ ጋር አስረሽዋል! ደሜ ነው የቀዘቀዘው። ይቺ ልጅ ሰው ልትገድል ነው አልኩ። ግን ላይሰንስሽን ገና ትናንት አግኝተሽ በፈረንጅ ፊት ላዋርድሽ? ልጅ በአደባባይ ይገሠጻል? አስተካክዬ ዘጋሁት። በማግሥቱም ያው። አንጀቴ እያረረ ዝም አልኩ።»

«እኔ እኮ ነኝ የእርስዎን ያስተካከልኩት።»

«የእኔን? የእኔ ምን ሆኖ?»

«ቀለሙ፣ ጋሼ። እዚህ አገር ቀለሙ ሌላ ነው።»

«ኮረንቲ አገር አለው እንዴ? ጥቁር ጥቁር ነው። ነይ፣ ምሰሶውን በባዶ እጄ ይዤ ነው የማሳይሽ።»

ፋና የትራፊክ መብራት እየጣሰች ነው። ስትደርስ ያገኘችው የፈራችውን ነው፤ ሰባት ስምንት ሴቶች ጋሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ግን ገና ማንም ምሰሶውን አልነካም። ተመስገን ብላ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ብሬከሩ ሣጥን ሮጠች። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከትታ ዞር ስትል ጋሽ ሰረቀብርሃንን አየቻቸው። ወደ ምሰሶው እየሄዱ ነው። የቀኝ እጃቸውን ጓንት በጥርሳቸው ይዘው እያወለቁ ነው። የቀለጠ በረዶ ውስጥ ቆመዋል፤ ጫማቸው ርሷል። መዳፋቸውን ዘረጉ።

ቁልፉን ተወችው። እንዴት እንደ ደረሰች አታውቅም። በሁለት እጇ ደረታቸውን ገፍታ ጣለቻቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸው በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላ ወገን፣ በረዶው ክምር ላይ በጀርባቸው ወደቁ። በሕይወቷ ለትልቅ ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ ሰው እያየ አባቷን የሚያክል ሰው ጣለች። ሴቶቹ ጮኹ፤ አንዷ በእንግሊዝኛ «ሽማግሌው ምን አደረገሽ?» እያለች መጣች። ፋና አልሰማቻትም። ከቀበቶዋ ቴስተሩን መዛ ወደ ብረቱ አስጠጋች።

ጮኸ። ቀዩም መብራት በራ።

ጋሽ ሰረቀብርሃን ወድቀው እንዳሉ ያዩታል። ፋና ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አሳየቻቸው፤ ከዚያ ሄዳ ብሬከሩን አጠፋችና ተመለሰች። አሁን ቴስተሩ ዝም አለ። ልታነሣቸው እጇን ዘረጋች፤ አልተነሡም።

«ገዳዩ ጥቁሩ ነው?» አሉ።

«ጥቁሩ ነው፣ ጋሼ።»

«አረንጓዴውስ?»

«አረንጓዴው መሬት ነው። ሰው የሚያተርፈው እሱ ነው።»

«እሱን ነው የቆረጥኩት?»

«አዎ።»

ጓንት የሌለውን እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ፋና አለቀሰች፤ «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ሳልነግርዎት፣ ሄግ ፈትሺ ሲለኝ ሳልተረጉምልዎት» አለቻቸው። እሳቸው ግን አይሰሟትም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ይቆጥራሉ።

«የማሚት ቤት» አሉ።

«ምን?»

«የማሚትን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። ውጭ ያለውን፣ መኪና የሚሰኩበትን። ባለፈው ዓመት ብርድ ላይ።» በዚህ አገር በብርድ ጊዜ የመኪናው ሞተር ማሞቂያ ሶኬት ላይ ካልተሰካ መኪናው አይነሣም፤ ስለዚህ ሁሉም ደጁ ላይ ሶኬት ያስተክላል። «እንዲህ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ልክ እንዲህ። የጎረቤቷን የካሳዬንም። ስኔሊንግ መንገድ ላይ የረጋሳን ምግብ ቤት፣ የጓሮውን። ይሠሩልን እያሉ ይለምኑኛል፣ እኔ ደግሞ ሥራ ናፍቆኛል። አብርቼ እንኳ ለክቼ አላውቅም፤ መኪናቸው ከተነሣ ሠራ ነው የምለው።» ትንፋሻቸውን ዋጡ። «ያንቺንም ቤት፣ ፋንዬ። በገና ሰሞን።»

ለፋና ሁሉም ባንዴ ትዝ አላት። እውነታቸውን ነው። እሷ ሥራ ላይ ሳለች መጥተው ነበር፤ ለውለታሽ ነው ብለው ለእሸቴ ታክሲ ደጁ ላይ ሶኬት ተክለውለት ሄዱ። ገንዘብ ስጡኝ አላሉም። እሷም ከፍታ አላየችውም፤ የሳቸውን ስጦታ በካቻቢቴ መፈተሽ ነውር መስሏት። እሷ የምትነዳው የሥራውን ቫን ነው፤ ያንን ሶኬት በየቀኑ የሚነካው እሸቴ ብቻ ነው። ሌሊቱን ነድቶ፣ ልክ በዚህ ሰዓት ቤት ይገባል። ጫማው በረዶ ነው፤ ታክሲውን ይሰካል።

የቤተ መጻሕፍቱ በር ተከፈተ። ሴቶቹን እየገፋች ገብታ ስልክ ለመነች። ሄግ በዚያው ሰዓት ደረሰ፤ ተከትሏት ገብቶ «ማን ነው የሠራው?» ሲላት «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንተ ያልከውን ለሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ላይሰንሱን ከፈለግህ ውሰደው፤ አሁን ግን ተወኝ» አለችውና ቁጥሩን መታች። ጋሽ ሰረቀብርሃን ጀርባቸው ሙሉ በረዶ ሆኖ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከፋና በኋላ ለማሚት ሊደውሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ስልኩ ጠራ። ጠራ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ጠራ። ፋና ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። በዘጠነኛው ተነሣ።

«ሃሎ» አለ እሸቴ፤ ያለከልካል።

«እሸቴ፣ መኪናዋን ሰክተሃል?»

«ልሰካ ስል ስልኩን ሰምቼ ነው የመጣሁ። ምነው?»

«እንዳትነካው። ሶኬቱን፣ ሣጥኑን እንዳትነካው። ኮረንቲ አለበት፤ ይገድልሃል።»

እሸቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱማ ከተተከለ ጀምሮ ሲነዝረኝ ነው የከረመው። ሁለት ጓንት ደርቤ ነው የምሰካው። ጋሽ ሰረቀ እንዳይቀየሙ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ነግረሻቸዋል እንዴ?»